የሳሌሃ የሹክሹክታ ክፍል

ቡታጅራ ውስጥ ለልጁ ዩኒፎርም የሚያሰፋ ሰው ሳሌሃን ያውቃታል። መስከረም ሲጠባ እናቶች ሱቋ በር ላይ ይሰለፋሉ፤ እሷም ስፒል በከንፈሯ ይዛ ታወራለች። እንዴት እንደማይወጋት አላህ ይወቀው። እኔ የእህቴን ልጅ ቀሚስ ላሳጥር ሄጄ ነበር።

"ልጅቷ ታነባለች?" አለችኝ።

አዎ አልኳት።

"ጮክ ብላ?"

ይሄ ደግሞ ምን ጥያቄ ነው ስላት ስፒሎቹን አስቀመጠችና ዘጠኝ ዓመት ወደኖረችበት ወደ ቤይሩት ይዛኝ ሄደች።

እዚያ የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች። የዕረፍት ቀኗ እሑድ ብቻ ነው። እሑድ ሲደርስ የወልቂጤዋ ጓደኛዋ ሳምሪ ወደተከራየቻት ክፍል ትሄዳለች። የሳምሪ ልጅ ሀሴት እዚያው የተወለደች፣ ወረቀት የሌላት፣ በዚህም የተነሣ ትምህርት ቤት ያልተቀበላት ነበረች። እንደሷ ያሉ የሀበሻ ልጆች በሰፈሩ ሞልተዋል። ሳሌሃ ራሷ ከአሥረኛ ክፍል አላለፈችም፤ ቢሆንም ፊደልና መደመር ለማስተማር ዲግሪ አይጠየቅም ብላ ጀመረች። በሦስት ልጅ ተጀምሮ አሥራ ሰባት ደረሱ።

የምታውቀው የማስተማሪያ መንገድ አንድ ብቻ ነው። መስቃን ገጠር ቁርኣን የቀራችበት ቤት ልጁ ሁሉ በአንድ ላይ እየጮኸ ነበር የሚቀራው፤ ድምፁ መንገድ ድረስ ይሰማል። የመጀመሪያውን እሑድ እሷም እንደዚያው "ሀ ሁ" አስባለቻቸው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የቤቱ ባለቤት በሩን ደበደበና ሁለተኛ የልጅ ድምፅ ከሰማ ሳምሪን እንደሚያስወጣት ተናገረ። ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ሦስት ዓመት ሙሉ በሹክሹክታ ሆነ። "ቀፎ አጠገብ ቆመሽ ታውቂያለሽ? እንደዚያ ነበርን" አለችኝ፤ ልቧ እስካሁን እዚያው እንደቀረ ፈገግታዋ ያስታውቃል።

ሀሴት አሥር ዓመት ሲሞላት እናትና ልጅ ወልቂጤ ገቡ። ልጅቷ ማስረጃ ስለሌላት ተፈትና ነው ክፍል የሚሰጣት። ከሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል ካስገቡኝ አልማርም ብላ ምላለች። ሳሌሃ ያን ሰሞን እንቅልፍ አጣች። ልጅቷ ከወደቀች፣ አስተማርኩ ያለችው ሁሉ ከንቱ መሆኑ ነዋ።

ሳሌሃ ቤይሩት ልብስ ስትተኩስ ሳምሪ በኢሞ ደወለችላት። ለካ ርዕሰ መምህሩ፣ ወልቂጤ ሃያ ዓመት የኖሩት ጎጃሜው መምህር ሽባባው፣ ለሀሴት የሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ ሰጥተዋት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። "ምሥጢር አይደለም እኮ ልጄ፣ አንብቢው" ቢሏት ያው ነው። በር ላይ የተኮለኮሉት ተማሪዎች ሳቁ። እሳቸውም አንደኛ ክፍል ብለው ሊጽፉ እስክሪብቶ አነሡ። ሳምሪ ስልኩን ልጇ ጆሮ ላይ ለጠፈችው።

"ሀሴቴ" አለቻት ሳሌሃ፣ "እዚያ የሚያስወጣሽ የቤት ባለቤት የለም። አገርሽ ነው። ጩኺበት።"

ሀሴት ገጹን ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ አወረደችው።

"በቃ ልጄ፣ ወሊሶ ድረስ ተሰማ" አሉ መምህሩ።

ሦስተኛ ክፍል ገባች። ማባዛት ብትችል ኖሮ አራተኛ ነበር፤ ሳሌሃ ይህን ስታወራ ትስቃለች፣ የሰባት ብዜት ላይ ሲደርስ ለራሷም ስለሚጠፋባት።

ያን ቀን ግን ደስታዋ ሙሉ አልሆነም። ሦስት ዓመት ያስተማረቻት ልጅ ስታነብ ድምፅዋ እንዲያ ወፍራም መሆኑን የሰማችው ገና ያኔ ነው። የቀሩትስ አሥራ ስድስቱ? በሚቀጥለው እሑድ ፖሊስ እንዳያያቸው ሦስት አራት እያደረገች ልጆቹን ባሕሩ ዳር ወዳሉት ድንጋዮች ወሰደቻቸው። አንብቡ ስትላቸው እዚያም አንሾካሾኩ። ትንሹ ራምዚ እንዲያውም የቤቱ ባለቤት ይሰማናል ወይ ብሎ ጠየቃት። ሳሌሃ ተነሥታ፣ ልክ እንደ መስቃኑ ቤት፣ በሙሉ ጉሮሮዋ "ሀ!" አለች። ዓሣ የሚያጠምዱት ሽማግሌዎች ዞረው አዩዋት። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁባት፤ ቀጥሎ ተከተሏት።

አገሯ እስክትገባ ሁለት ዓመት እዚያው ድንጋይ ላይ አስተማረች።

"አሁን እሑድ እሑድ ሱቄን ዘግቼ ቁጭ እላለሁ" አለችኝ ቀሚሱን እያጠፈች። "ጸጥታውን አልለመድኩትም።"