የጃርት መብራት ያዥዋ ትርፊት

ትርፊት ከሀቢቾ ገበያ ቁልቁል ሲወርዱ፣ የካቶሊኩን ቤተ ክርስቲያን አለፍ ብሎ ባለው መንደር የምትኖር መበለት ናት። የመንደሩ ሰው ስለ እሷ ሲያወራ እጇን ሳያነሳ አያልፍም። እንደ ትርፊት እጅ የማይንቀጠቀጥ እጅ የለም ይላል።

በዚህ አገር ሰው እንሰት ይበላል፤ እንሰቱን ደግሞ ጃርት ይበላዋል። ጃርት እንደ ሌላው ሌባ በግልጽ አይሰርቅም። ከመሬት በታች ያለውን ወፍራም ሥር ሌሊቱን ሙሉ ሲግጥ ያድርና ቅጠሉን ለምልሞ እንደቆመ ይተወዋል። ባለቤቱ ጠዋት አይቶ ተመስገን ብሎ ያልፋል። ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ፣ ያን ሁሉ ዓመት የተለፋበት ተክል በጎኑ ይጋደማል። ጃርት ምን አደረገ የሚል ሰው ካለ እንሰት ተክሎ የማያውቅ ነው።

ጃርት የሚታደነው በሁለት ሰው ነው። አንዱ ጦር ይይዛል፣ ሌላው ባትሪ ያበራል። ብርሃኑ ዓይኑ ላይ ሲያርፍ ጃርቱ ይፈዛል፤ ጀርባውን ሰጥቶ፣ እሾሁን አቁሞ፣ ባለበት ይቀራል። ጦር የያዘው በጨለማው በኩል ዞሮ ይጠጋዋል። ወጊው "በቃ" እስኪል ድረስ መብራት የያዘው ሰው አይናገርም፣ አያስልም፣ ክንዱን አይነቀንቅም። ብርሃኑ ለቅጽበት ከሸሸ ጃርቱ ወደ ኋላው ተወርውሮ እሾሁን በሰው ሥጋ ውስጥ ይተክላል። የትርፊት ባል ወንድም ዳኘ ይህን በእግሩ ተምሮታል። አንድ ጊዜ መብራት የያዘለት ጎረምሳ ትንኝ ሊያባርር እጁን ቢያነሳ፣ ዳኘ ክረምቱን ሙሉ እያነከሰ ከረመ። ከዚያ ወዲህ ከትርፊት በቀር ማንንም አያምንም። ወንዶቹ ይቁነጠነጣሉ ነው የሚለው።

ባለፈው ክረምት ግን ትርፊት ቤት ከጃርትም የባሰ ነገር ነበር። የበኩር ልጇ ቲቶ ለደቡብ አፍሪካ መንገድ ወጥቷል። መንገድ ወጣ ይባላል እዚህ አገር፣ ገበያ ደርሶ የሚመለስ ይመስል። ሆሳዕና ከተማ ላይ ፎቅ የሠሩትን በስም የሚጠራ ወጣት ሁሉ፣ በረሃ የቀሩትን ለመጥራት አፉ አይፈታም። ቲቶም እንደዚያው ነበር። እናቱ ለምና ለምና አቃታት፣ በሬውና የታችኛው ማሳ ደላላው እጅ ገቡ። ለእሷና ለሁለቱ ታናናሽ ሴቶች ልጆቿ የቀረላቸው የጓሮው እንሰት ብቻ ነው።

ቲቶ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከታንዛኒያ ነበር፣ በሹክሹክታ። የሚያሻግሯቸው ሰዎች ስልካቸውን ቀምተዋል፤ የሰው ስልክ ለምኖ ሌሊት ይደውላል፤ ስልኳን እንዳታጠፋ። ይህን እንዳለ መስመሩ ተቋረጠ። ብዙም ሳይቆይ የሀቢቾ ትራንስፎርመር ተቃጠለና ከተማው ጨለመ። የጎረቤቱ ሶላር በሐምሌ ደመና ራሱን እንኳ አይሞላም፤ የሆሳዕናውን መንገድ ጎርፍ ቆርጦት መኪና መምጣት ትቷል። ትርፊት በዚያ ዓመት ከሁለት ያጣች ሆነች። ስልኳን ቀን ቀን እያጠፋች፣ ሲመሽ ከፍታ መቁጠሪያዋን በእጇ ይዛ ታፈጥበታለች። እንቅልፍ የሚባል ነገር ከዓይኗ ጠፋ።

በዚያው ሰሞን ጃርቶቹ ጓሮዋን አገኙት። ዛሬ አንድ እንሰት ይወድቃል፣ ነገ ሌላ። ዳኘ አንድ ማታ ጦሩን ይዞ መጣ፤ ባትሪው ግን ውሃ ገብቶበት ሞቷል። በኩራዝ እንሞክር ቢባል ጃርት በኩራዝ አይፈዝም፣ እያየህ ይሄዳል። ትርፊት ከውጭ የሚመጣውን የቁፋሮ ድምፅ እየሰማች ትንሽ ከቆየች በኋላ ስልኳን አነሳች።

"የዚህ መብራት ይበቃናል" አለችው።

"ቲቶ ቢደውልስ፣ የቲቶ እናት? ባትሪው ሊያልቅ ነው።"

"ቢደውልም እጄ ላይ ነው ያለው።"

ዳኘ ድምፁን አጥፊው ብቻ አላት፣ ጃርት ድምፅ ከሰማ አይገኝምና። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፤ ቸግሯት ነው እንጂ ያን ስልክ ለክርስቶስም አታውሰውም ነበር።

ጃርቱን ከጓሮው ጥግ፣ ትልቁ እንሰት ሥር አገኙት። መብራቱን ስትለቅበት ቀና አለ፣ ዞረ፣ እሾሁን አቆመ። ትልቅ ነበር። ዳኘ ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ በባዶ እግሩ ጭቃውን እየረገጠ በጨለማው በኩል ዞረ። አንድ እርምጃ ሲቀረው ስልኩ እጇ ላይ ተንቀጠቀጠ።

ወደ እሷ የዞረው መስታወት በርቶ ረዥም ቁጥር አሳያት፣ የመደመር ምልክት ከፊቱ ያለው፣ የዚህ አገር ያልሆነ። ልጄ ነው አለች በሆዷ። ስልኩን ወደ ጆሮዋ ለመውሰድ ክንዷን ብታጥፍ ብርሃኑ ይሸሻል፤ ዳኘ ደግሞ ከእሾሁ ሥር ቆሟል፣ ባዶ እግሩን፣ እሷን አምኖ። ብትጣራ እንኳ ጃርቱ ከእሱ ይቀድማል። ትንሽ ታገሰኝ ልጄ፣ ትንሽ ብቻ፣ አሁን "በቃ" ይላል እያለች በዓይኗ ቁጥሩን፣ በእጇ ጃርቱን ያዘች። እጇ አልተንቀጠቀጠም። ስልኩ ብቻ መዳፏ ውስጥ እንደ ጫጩት ይርገበገብ ነበር።

ዳኘ ከወትሮው ዘገየ፤ ጭቃው አዳልጦት ነው። ስልኩ ተርገብግቦ ተርገብግቦ ዝም አለ። ከዚያ ጦሩ ወረደ፣ ከዚያ "በቃ" መጣ።

ትርፊት መልሳ ለመደወል ቁጥሩን ስትነካው ባትሪው አልቆ ስልኩ ጠፋ። ደጋግማ ጫነችው። ዳኘ በጨለማው ውስጥ ደስ ብሎት፣ እንሰቱ ተረፈልሽ፣ እንደዚህ ያለ ጃርት ገድዬ አላውቅም እያለ ያወራል። ምን እንደሆነ ስትነግረው መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ግን ጦሩን ጥሎ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። እግሩ እስከ ዕለተ ሞቱ ቢያነክስ ይሻለው ነበር አለ። እሷ አልወቀሰችውም። ጎህ እስኪቀድ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች።

ሲነጋ ዳኘ ጎርፉን ይዟት ተሻገረ። ከዚያ ወዲያ በእግርም በሞተርም ሆሳዕና ገባች። ስልክ የሚጠግን ለማ የሚባል የሰፈሯ ልጅ አለ፤ እሱም ያን መንገድ ሞክሮ ታንዛኒያ እስር ቤት ከርሞ፣ ስዋሂሊ ለምዶ የተመለሰ ነው። ስልኩን ሰክቶ ከፈተላት። ሌላ የመጣ ጥሪ የለም። ለማ በራሱ ካርድ ያን ቁጥር ደወለ።

አንድ ጎልማሳ ሰው አነሳ። ለማ እየሳቀ ሰላምታ ሰጥቶ ብዙ ጠየቀ፣ ብዙ ሰማ፤ ሳቁ ግን ቀስ በቀስ ከፊቱ ወረደ። ሰውየው የመጋዘን ዘበኛ ነው። አሻጋሪዎቹ ልጆቹን እዚያ ደብቀዋቸው ነበር፤ አንዱ ስልክ እንዲያውሰው ለመነው፣ እሱም አዋሰው። ሌሊቱን የጭነት መኪና መጥቶ ሁሉንም ወሰዳቸው። ወዴት እንደሆነ አያውቅም። የደወለው ልጅ ታሞ ነበር፣ ሌሎቹ ደግፈው ነው የጫኑት።

"ታዲያ ለምን ደግሞ አልደወለም?" አለች ትርፊት። "አንዴ ብቻ ነው የደወለው።"

ለማ ሊጠይቅላት አልፈለገም። ዓይኗን አይቶ ግን ጠየቀላት።

"ድገም ብዬው ነበር ነው የሚለው፣ እናቴ። ልጁ ግን ስልኩን መለሰለት። ቋንቋ ስለማይግባቡ እጁን ጉንጩ ሥር አድርጎ አሳየው። ተኝታለች፣ አልቀሰቅሳትም ለማለት ነው።"

ትርፊት የተቀመጠችበትን በርጩማ በሁለት እጇ ያዘች።

"አልተኛሁም በለው።"

"ልጁ እኮ የለም፣ እናቴ። ሄዷል አሉ።"

"ሰምቻለሁ። ለሰውየውም ቢሆን ንገርልኝ። እናቱ አልተኛችም ነበር በለው።"

ለማ በስዋሂሊ ነገረው። ሰውየው ወዲያ ማዶ ስለ ልጁ ሕመም አንድ ነገር ጨመረ። ለማ ግን እሱን አልተረጎመላትም።