አያቴ ከሰልፉ ፊት የወጡ ዕለት

ልጅ እያለሁ አያቴን ሸህ ይማምን የምፈራቸው እርጥብ ቅጠል በእጄ የያዝኩ ዕለት ብቻ ነበር። ሌላውን ጥፋቴን ሁሉ በሳቅ ያልፉታል። ለምለም ቀንበጥ ቀጥፌ ካዩኝ ግን ጆሮዬን ቆንጠጥ አድርገው፣ «ይኼ እኮ አላህን እያወደሰ ነው! ዚክሩን የምታቋርጪው አንቺ ማነሽ?» ይሉኛል። እኔ ሞኟ ደግሞ ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ካለው ምንጫችን ዳር፣ ከትልቁ ወይራ ግንድ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ዚክሩን ለመስማት እሞክር ነበር።

በዘጠናዎቹ በአንዱ ዓመት ሐምሌ ጠብታ ሳይጥል ተጋመሰ። በዚያው ሰሞን ወይራው ተቆርጦ ጉቶው ብቻ ተገኘ። መንደሩ ተንጫጫ። እኔ ቆራጩን «እጁ ይድረቅ!» እያልኩ ስረግም ሰነበትኩ።

በሳምንቱ የዝናብ ሶላት ተጠራ። እኛ ዘንድ ለዚህ ሶላት ሰው ብቻ አይወጣም፤ ፍየሉም በጉም ይነዳል፤ እንስሳውም ጮኾ ይለምን ተብሎ ግልገሉ ከእናቱ ተለይቶ ይታሰራል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ፍየሎቻቸውን እየነዱ መጥተው ዳር ቆሙ። ከሶላቱ በፊት ደግሞ ዛፍ የቆረጠ፣ ምንጭ ያደፈረሰ ወጥቶ ይናገራል፤ ካልተናገረ ዱዓው አይደርስም ይባላል።

አሰጋጁ አያቴ ነበሩ። ጥፋተኛውን እስኪጠሩ ስንጠብቅ ጥምጣማቸውን ፈቱ።

«ወይራውን የቆረጥሁት እኔ ነኝ። ከሰል አክስዬ ሸጥሁት። የልጄ ልጆች ራባቸው፣ አላስቻለኝም። ከእናንተ ፊት መቆም አይገባኝም።»

ይህን ብለው ከሰልፉ መጨረሻ ሄደው ቆሙ። ሳምንቱን ሙሉ የበላነው የማሽላ ገንፎ ትውስ አለኝ። ለካ ስረግመው የሰነበትኩት እጅ ያጎርሰኝ ነበር!

የግልገሎቹ ጩኸት ብቻ ይሰማል። ኋላ ጎረቤታችን አያ ካሳ ከዳር ሆነው፣ «ሸህ፣ ይመለሱ እንጂ! ያልቆረጠ ማን አለና?» አሉ። ሰዉ ለምኖ መለሳቸው። በዝናብ ሶላት ወግ ጋቢያቸውን ገልብጠው ለብሰው እያለቀሱ አሰገዱን። ዝናቡ ግን የዚያን ቀን አልመጣም።

ዛሬ እኔም የልጆች እናት ነኝ። ዝናብ ሲጠፋ አሁንም ይሰገዳል፤ ዱዓውም በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ጥፋተኛ ይውጣ የሚል ግን የለም። አምና የግቢዬን አጥር ላሳምር ብዬ ከወንዙ ዳር ሁለት ለምለም ጽዶች አስቆርጫለሁ። ልጆቼ አልራባቸውም ነበር። በሶላቱም ቀን ከሴቶቹ መሃል ቆሜ እጄን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ፤ ስለ ጽዶቹ ግን አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።