ኳስ አቅፎ የሚውለው

የአሜሪካ ፉትቦል ክለባችን ሰሞኑን ያመጣው አዲስ ሯጭ፣ ማለትም ኳስ ታቅፎ የሚሮጠው ተጫዋች፣ ምሳውን የሚበላው በአንድ እጁ ነው፤ በሌላው ሞላላዋን ኳስ አቅፏል። በእኛ በኦሃዮ፣ ልምምድ ላይ ኳስ የጣለ ሯጭ ቀኑን ሙሉ አቅፏት እንዲውል አሰልጣኙ ይፈርድበታል፤ መትቶ ሊያስጥለው የሞከረም አይከለከልም።

ግራ ጉልበቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። ደረጃ የሚወርደው እንደ አሮጊት በጎኑ ነው። ሻንጣው ላይ የሦስት ክለቦች አርማ ተፍቆ ይታያል፤ የእኛን ገና አልለጠፈም።

እኔ ሊቁ፣ በተማሪነቴ ከተጠባባቂ ወንበር ሳልነሳ የጨረስኩት፣ ሠላሳ ዓመት አጥር ተደግፌ ተጫዋች መዝኛለሁ። ደብተሬ ላይ «እጁ አይታመንም» ብዬ ጻፍኩ።

በአጠገቤ ሲያልፍ ኳሷን በጥፊ መታኋት። ንቅንቅ አላለችም። የእኔ ደብተር ግን መሬት ላይ ተዘረረ።

ጎንበስ ብሎ አነሳው። የጻፍኩትን አነበበና አቧራውን አራገፈልኝ።

«ጋሼ፣ ጣሉት እኮ» አለኝ፣ ፈገግ እንኳ ሳይል። «በሉ እንግዲህ፣ እስኪመሽ እንዳይለቁት።»

ማታ ባለቤቴ ቬልማ እራት አቅርባ፣ «ኧረ ደብተሩን አስቀምጠህ ብላ!» አለችኝ።

በአንድ እጄ በላሁ።