አዳራሹ ደጃፍ ላይ የቀረው ጫማ

እኔ መዋሸት አልችልበትም፤ እናቴ ደግሞ ከእኔ ትብሳለች። ለዚህ ነው ያን እሑድ ለአባቴ የምንነግረውን ውሸት ሁለት ቀን ሙሉ ስናጠና የከረምነው። ለቡ ያለችው የእናቴ የአክስት ልጅ ታማለች፣ ልንጠይቃት ነው፤ በቃ። ይቺው ናት። አባቴ ከቅዳሴ ተመልሶ ቁጭ እንዳለ ነገርነው። ምን ነካት ብሎ ሲጠይቅ ግን እናቴ «ወገቧን» አለች፣ እኔ በዚያው ቅጽበት «ጨጓራዋን» አልኩ። ሁለታችንንም ተራ በተራ አየን። እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ሁለቱንም ነው የሚያማት አለችና ወጣን።

የምንሄደው እዚያው ለቡ የምትኖረው እህቴ ዘንድ ነበር። ታላቅ እህቴ መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ጴንጤ ሆና፣ ከደቡብ የመጣ አናጢ አገባች። አባቴ የሰፈራችን እድር ዳኛ ነው፤ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ እሱን የማያውቅ የለም። የሰው ባልና ሚስት ሲያስታርቅ የሚውል ሰው የገዛ ልጁን «ደጄን እንዳትረግጭ» አላት። ለእኛም ማለልን፤ እሷ ዘንድ የሄደ እዚያው ይቅር አለ። አባቴ ምሎ የሚያጥፍ ሰው አይደለም። ሰባት ዓመት ሙሉ ስሟ ቤታችን ውስጥ አልተጠራም። የወለደቻት ልጅ ስድስት ዓመት እስኪሞላት አባቴ በዓይኑ አይቷት አያውቅም፤ እናቴም ብትሆን ያየቻት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም ገበያ መሀል ተደብቃ። በመካከላቸው የምመላለሰው እኔ ነበርኩ፤ እውነቱን ለመናገር ሥራው አንገሽግሾኝ ነበር።

ገና ሲቃረብ እህቴ በእኔ በኩል ላከች። ልጅቷ በቤተ ክርስቲያናቸው የልደት ድራማ ላይ ማርያምን ሆና ትጫወታለች፣ እማዬ መጥታ ትይልኝ ነው የምትለው። እናቴ ይህን ስትሰማ አማተበች። ሕፃን ልጅ እንዴት እመቤታችንን ትሆናለች ብላ ስትብሰለሰል አደረች። በማግስቱ፣ አባትህ ከሰማ ከቤት ያስወጣኛል፣ ቢሆንም እሄዳለሁ አለችኝ።

ያኔ ለቡ ገና እርሻ ነበር። ታክሲው ካወረደን በኋላ በታጨደ ማሳ መሀል ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። ቤተ ክርስቲያን የሚሉት የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያለው አዳራሽ ነው። እናቴ በሩ ጋ ስትደርስ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፋች፤ ጎንበስ አለችና ጫማዋን አውልቃ ደረጃው ላይ አስቀመጠች። ሰው ሁሉ ከነጫማው ይገባል። እዚህ አይወለቅም ብዬ ክንዷን ያዝ አደረግኋት።

«የሱ ስም በሚጠራበት ቤት ከነጫማዬ አልገባም» አለች።

በባዶ እግሯ ገባች። እኔ ጫማዬን እንዳደረግሁ ተከተልኳት፤ አፈርኩባት፣ ቆይቶ ደግሞ በራሴ አፈርኩ። ፊት ለፊት ልናስቀምጣችሁ ቢሉን እንቢ አልኩና ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጥን። ሰው በገባ ቁጥር ዞሬ አያለሁ።

መጋረጃቸው አንሶላ ነው። መድረኩ ላይ ከማሳው የመጣ ጭድ ጎዝጉዘዋል፣ የመላእክቱ ክንፍ የካርቶን ነው። የእህቴ ልጅ ሰማያዊ ሻሽ ተከናንባ፣ ሆዷ ላይ ትራስ አስራ ብቅ ስትል እናቴ እጄን ጨመቀችው። «የአባትህ እናት ግንባር» አለችኝ በሹክሹክታ፣ እንባዋ እየወረደ። አባባሏ ልክ ነበር። ትንሽ ቀለል አለኝ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ዞር ስል አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። በአንድ እጁ ብርቱካን የተሞላ ፌስታል፣ በሌላው የእናቴን ጫማ ይዟል።

ነገሩን በኋላ ነው የተረዳሁት። እኛ ከወጣን በኋላ፣ በሽተኛ ሊጠይቁ ባዶ እጃቸውን ሄዱ፣ እኔስ የእድር ዳኛ ሆኜ ታማለች ሲሉኝ ቤቴ እቀመጣለሁ ወይ ብሎ፣ ብርቱካን ገዝቶ ይከተለናል። በሽተኛዋን ደጇ ላይ ልብስ ስታጥብ አገኛት። ምስኪን፣ መታመሟን እንኳ አልሰማችም። ሲመለስ በአዳራሹ በኩል ያልፋል፤ ደረጃው ላይ አንድ ጥንድ ጫማ ብቻውን ተቀምጧል። ተረከዙን ባለፈው ሳምንት በሚስማር የመታው ራሱ ነው።

አንድ አስተናጋጅ ወጣት «ግቡ አባቴ» ብሎ ለመነው። አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤ ከደፉ አላለፈም። ተነሥቼ ሄድኩ። እናቴን በሰው ፊት ጎትቶ ያወጣታል፣ ማታ ደግሞ ልብሷን ጠቅልላ ትወጣለች ብዬ ነው ያሰብኩት። አጠገቡ ቆምኩ። እሱ የሚያየው መድረኩን ነው።

«የትኛዋ ናት?» አለኝ።

ሰማያዊ የለበሰችው ናት አልኩት። ፌስታሉንና ጫማውን በአንድ እጁ ሰብስቦ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ማውለቁን ያወቀው አይመስለኝም።

መድረኩ ላይ ዮሴፍና ማርያም ማደሪያ እየለመኑ በር ያንኳኳሉ። አንዱን የቤት ባለቤት ሆኖ የሚጫወት ልጅ ደረቱን ነፍቶ፣ ቦታ የለም፣ ከደጄ ሂዱ እያለ ጮኸባቸው። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። በሦስተኛው በር የምትናገረው የእህቴ ልጅ ነበረች፤ አፏን ከፈተች፣ ምንም አልወጣም። ወደ መጋረጃው ዞር ብላ ጠበቀች። ልጆቹ የረሱትን ከጀርባ የምታስታውሳቸው እህቴ ነበረች። በአንሶላው ጠርዝ አጮልቃ አባቷን አይታው ኖሮ እሷም ዝም አለች። ሰው መተያየት ጀመረ።

በመጨረሻ ልጅቷ «እማዬ፣ ረሳሁት» አለች።

«ደክሞናል በያቸው» የሚል ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ መጣ። «መሽቶብናል፣ ብርድ ነው፣ ክፈቱልን በያቸው።» ድምፁ ይሰባበር ነበር። አባቴ የልጁን ድምፅ ሲሰማ ከሰባት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነው። የያዘው ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ።

የቀረውን ድራማ እኔ አላየሁትም። ሲያልቅ እናቴ ተነሥታ ዞረች፣ አየችው፣ ደርቃ ቀረች። ከዚያ ሊመጣ ያለው ይምጣ ብላ መሰለኝ ቀጥ ብላ ወደ እሱ መጣች። አባቴ ጎንበስ ብሎ ጫማዋን እግሯ ሥር አስቀመጠ። አድርጊው፣ ይበርድሻል አላት እንጂ ሌላ አልተናገራትም።

እህቴ ልጇን በእጇ ይዛ ስትወጣ ሰዉ መንገድ ለቀቀላት፤ ሁሉም ያላየ መስሎ ያያል። ጉልበቱን ልትስም ዝቅ ስትል አባቴ ወደ ኋላ አፈገፈገ። እናቴ «በእመብርሃን» አለች። እህቴ እንደተንበረከከች ቀረች። ልጅቷ ቀና ብላ አየችውና ማነው ብላ ጠየቀች፤ እናቷ አያትሽ ነው አለቻት። አባቴ ብርቱካኑን ለልጅቷ አስያዛት። ከበዳት፣ በሁለት እጇ አቀፈችው።

«ለገና አምጧት» አለ፣ ማንንም ሳያይ።

«አባባ፣ እሷን ብቻ?» አለች እህቴ ከመሬት ሳትነሣ።

ባርኔጣውን አደረገ። ደረጃውን ወርዶ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ቆመ፤ ፊቱን ግን ወደ እኛ አላዞረም።

«የስድስት ዓመት ልጅ ብቻዋን ትመጣለች እንዴ?» አለ።