ሦስተኛዋ መርፌ

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ ቡታጅራ ሳይንስ አስተምር ነበር። አንድ ፈረንጅ መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ ከተወልኝ መጽሔት የአንዱን ጽሑፍ የመጀመሪያ ገጽ አንብቤ ሊቅ ሆንሁ። ሁለተኛውን ገጽ ምን ላድርገው? ሊቅ ከሆኑ በኋላ ማንበብ ድካም ነው።

ገጹ እንደሚለው በአንዳንድ ክሪስታሎች ውስጥ እያንዳንዱ አተም ትንሽ ማግኔት ነው፤ ጎረቤቱ ወዲያ ካየ እሱ ወዲህ ማየት አለበት። ሁለት ከሆኑ ሰላም ነው። በሦስት ማዕዘን ሲቀመጡ ግን ሦስተኛው መግቢያ ያጣል፤ አንዱን ደስ ሲያሰኝ ሌላውን ያስቀይማል። ይህን ትምህርት ቤቱን ሊጎበኝ ለሚመጣው ኢንስፔክተር ላሳይ ብዬ ሦስት የኮምፓስ መርፌዎች ጣውላ ላይ በሦስት ማዕዘን ተከልሁ፤ ወደ በሩ ወይም ወደ መስኮቱ ብቻ እንዲያዩም በሚስማር አገድኋቸው። ሦስተኛዋ ስትወላውል ማየት ደስ ይለኝ ነበር።

ደስ የማይላቸው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበሩ። በከተማው የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው በእሳቸው ነው። ኢንስፔክተሩ በሚመጣበት ሳምንት እሁድ ደግሞ አጎራባች ከተማ እንሴኖ ሄደው የምወዳትን ልጅ ከአባቷ ሊለምኑልኝ ቃል ሰጥተውኛል። አባትየው ከእሳቸው በቀር የማንንም ልመና እንደማይሰሙ አገር ያውቃል።

ኢንስፔክተሩ በመጣበት ጠዋት ጣውላውን የሸፈንሁበትን ጨርቅ ገለጥሁ። ሚስማሮቹ ተነቅለዋል፤ ሦስቱም መርፌዎች እኩል ዘወር ዘወር ብለው ጸጥ ብለዋል።

"ማነው የነካው?"

"እኔ ነኝ ልጄ" አሉ ዘበኛው ከበሩ። "ወላሂ፣ ያቺን ምስኪን ለብቻዋ አስጨነቅሃት። እርቅ ማለት ሁሉም ትንሽ ትንሽ ሲለቅ ነው።"

"ሽምግልናዎን እዚያው ሰፈርዎ! መሃይም!" አልኋቸው፣ በተማሪዎቹና በእንግዳው ፊት።

ከዘራቸውን አንስተው ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሩ መርፌዎቹ ለምን እንደተስማሙ ሲጠይቀኝ ሁለተኛውን ገጽ ገለጥሁ። ማግኔቶቹ እንደ ልብ መዞር ከቻሉ ሦስቱም እኩል ዘወር ብለው ይስማማሉ ይላል። ሥዕሉ የዘበኛው ጣውላ ቁርጥ ነው። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በእኛ አገር ታላቁን የሰደበ ደግሞ ብቻውን ሄዶ ይቅር በሉኝ አይልም፤ ሽማግሌ ይልካል። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ለመንሁ። ሦስቱም የተማከሩ ይመስል አንድ ነገር መለሱልኝ፦ "ለእንዲህ ያለው ነገር ዘበኛው አሉ አይደል? ለምን እሳቸውን አትልክም?"

እሁድ የእንሴኖ አውቶቡስ ያለ እሳቸው ሄደ። ዘበኛው ደጃቸው ተቀምጠው የሁለት ጎረቤታሞችን ጠብ ያዳምጡ ነበር። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ፣ እንዳልገባ ሽማግሌ የለኝ፣ እንዳልሄድ ልጅቱ አለች፤ እስኪመሽ ወላወልሁ።