ሱዳንን የበለጠው የቅቤ መጋዘን

አያ አብዱልጀሊል ሃይማኖታቸው ሙስሊም፣ ሱቃቸው ግን ኦርቶዶክስ ነበር። በሃምሳዎቹ ዓመታት ጎንደር አራዳ ላይ ቅቤ የሚነግድ ሰው ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ሁዳዴ ሲገባ ገዥ ይጠፋል፤ የዳባትና የደባርቅ ላም ግን አትጾምምና ቅቤው መምጣቱን አይተውም። ስለዚህ ጾሙን ሙሉ እየገዙ በገንቦ ያከማቻሉ፤ የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ባንድ ቀን ይሸጣሉ። ያን ቀን ያመለጠውን ቅቤ የሚያዝያ ሙቀት ይቀበለዋል፤ የሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ዋጋ አይጠይቅም።

በሰሙነ ሕማማት ሰኞ አቶ ወልደኢየሱስ የሚባል ከረባት ያሰረ ወጣት መንግሥት ልኮት ከአዲስ አበባ መጣ። ሥራው በነጋዴ መጋዘን ያለው ዕቃ ከገና ወዲህ ምን ያህል እንደ ጨመረ ወይም እንደ ጎደለ ቆጥሮ የእኛን ከሱዳን ጋር ማወዳደር ነበር። አገር ካገር በጦር መለካካት ሲሰለቸው በጓዳ መለካካት ይጀምራል።

ገንቦዎቹን ቆጥሮ ሲጨርስ ፊቱ በራ።

«አያ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ገና ላይ ባዶ ነበር አላሉኝም? ይኸው ሞልቷል። ከመተማ ማዶ ግን የነጋዴው መጋዘን ጎድሏል። በልጠናቸዋል!»

«በምን በለጥናቸው፣ ጌታው?»

«በክምችት ዕድገት ነዋ!»

«እነሱ ሸጠው ጎደለባቸው፣ እኛ ሳንሸጥ ሞላልን። እንዲህ ከሆነማ ጎረቤቴን ዋኘውን ይዩልኝ። ጣሊያን ጥሎት የሄደ ቦቲ ጫማ ታቅፎ እስከ ዛሬ አንድ እግር አልሸጠም። እሱ ብቻውን እንግሊዝን ሳይበልጥ አይቀርም።»

ወጣቱ ብዙ ነገር ተምሯል፤ ቀልድ ግን አልተማረም። «የእሳቸው አልጨመረም አልቀነሰም፤ ዜሮ ነው» አለ ኮስተር ብሎ። ከዚያም ቆጠራውን የሚመረምረው አረጋጋጭ ከፋሲካ በኋላ እስኪመጣ ቁጥሩ እንዳይነቃነቅ ብሎ የመጋዘኑን በር በሰም አሸገው።

አያ አብዱልጀሊል ላብ አጠመቃቸው። «ጌታው፣ ቅቤ እኮ ነው፤ ድንጋይ አይደለም! ቅዳሜ ካመለጠኝ የዓመት ልፋቴ ቀልጦ ይፈሳል።»

«ለአገር ነው» አለ።

«ለአገር ነው» ሲባል አንድ ሰው አንድ ነገር ሊያጣ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ተናጋሪው ሆኖ አያውቅም።

ቅዳሜ ማለዳ የአራዳ ሴቶች ቄጠማቸውን ግንባራቸው ላይ እንዳሰሩ በሩን ከበቡት።

«ምነው አያ አብዱልጀሊል፣ በስተርጅና ሁዳዴ ያዙ እንዴ?» አለች አንዷ።

«እኔስ አልያዝኩም፤ በሬን ነው ያስጾሙት!»

ጥቂት ቆይቶ ወልደኢየሱስ አንገቱን ደፍቶ ብቅ አለ። ያረፈበት ቤት እመቤት ወይዘሮ አበቡ ዶሮዋን ገነጣጥላ ቅቤ ስታጣ፣ ገበያውን ያሸገው የገዛ እንግዳዋ መሆኑን ሰምታለች። ቅቤ ሳይዝ ደጇን እንዳይረግጥ ነግራዋለች።

«አያ፣ በጓሮ በኩል ትንሽ ቢያወጡልኝ…» ብሎ አንሾካሾከ።

አያ ሴቶቹ እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ከየትኛው ልጭለፍ፣ ጌታው? አንድ ጭልፋ ብትጎድል እኮ ሱዳን ሊቀድመን ነው!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። «ሲከፈት ለሁሉም ነው፤ አለዚያ ለማንም አይሆንም» አሉ አያ። ወጣቱ ሴቶቹን አየ፤ የወይዘሮ አበቡን ምላስ አሰበ፤ ሰሙን በገዛ ጥፍሩ ላጠው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የመጋዘኑ ቅቤ ግማሹ በጎንደር ወጥ፣ ግማሹ በጎንደር ሹሩባ ላይ አለቀ። ማታ ወጣቱ በሩን በአዲስ ሰም አሸገው።

ዳግማይ ትንሣኤ አልፎ አረጋጋጩ ደረሰ። ወልደኢየሱስ ከአያ ጀርባ ተደበቀ። ሰውየው ግን ደንብ አዋቂ ነበር፤ ደንቡ ገንቦ ቁጠር ይላል እንጂ ክዳን አንሣ አይልም። ቆጠረ፤ ልክ ሆነ። የአያን እጅ ጨብጦ ሲያበቃ የሁለቱ አገር ማወዳደሪያ ሠንጠረዥ ታትሞ እስኪወጣ ድረስ በሩን መልሶ አሸገው።

«ለመሆኑ ሱዳንን በልጠናል?» አሉ አያ።

«በሰፊው!»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና፣ ለሚመጣው ቅቤ መያዣ ስላልነበራቸው በቅሏቸውን አስጭነው ባዶ ገንቦ ሊገዙ ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ወደ ወለቃ ሄዱ።