የአያ ካሴ ትርፍ መብራት

ትናንት ወደ ማምሻው መብራት ጠፍቶ የጎረቤት ሆቴል ጄኔሬተሩን ሲያስነሳ፣ የናፍጣው ሽታ በመስኮቴ ገብቶ ከተቀመጥሁበት አነሳኝና ጎንደር ካደግሁበት የጭቃ ቤት ወሰደኝ።

ጣልያን ከወጣ ዓመታት አልፈው ነበር። ከከተማው ዳር አንድ ትልቅ ሞተር ነበረ፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ድምፁ ከሩቅ ይጀምርና በባሕር ዛፍ ምሰሶዎች ላይ በተዘረጋው ሽቦ መብራት ወደየቤቱ ይመጣል። ወደየቤቱ ማለቴ አቅም ወዳለው ነው። እኛ ከልብስ ሰፊው ከአያ ካሴ ጋር የምንለየው በአንድ ግድግዳ ሲሆን፣ ከሁለታችን መብራት ያስገቡት እሳቸው ብቻ ነበሩ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ጥጥ እየፈተለች የምታሳድገኝ እናቴ ጥሩወርቅ በኩራዝ ጭስ ዓይኗ ይቀላ ነበር፤ ዓይኗ ከደከመ ደግሞ ጦማችንን ማደራችን ነው። ሆኖም ጎረቤት ሽሮ ቢልክላት እንኳ በማግስቱ ጨምራ የምትመልስ ኩሩ ሴት ነበረች።

አንድ ቀን አያ ካሴ ላባቸውን እየጠረጉ መጡ።

«እቴ ጥሩ፣ ጉድ ፈላብኝ! ሞተሩ የሚልከው መብራት ለእኔ ብቻ በዛ። ከተጠራቀመ አምፖሉ ይፈነዳል አሉኝ። ምነው ግድግዳውን ሸንቁረን ትንሽ ብታቃልይልኝ?»

እናቴ እንዝርቷን አስቀመጠችና «ለእርስዎ ደህንነት ከሆነ ሸጋ፤ ይሸንቁሩት» አለች።

አምፖሉን ቀዳዳው ውስጥ አንጠለጠሉት። ከዚያ ወዲያ ከእንዝርቷ የሚበተነው የጥጥ ብናኝ በብርሃኑ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲንሳፈፍ፣ ከግድግዳው ማዶ የስፌት መኪናው ሲያንሾካሹክ፣ እኔ የእናቴን ጭን ተደግፌ ነቅቼ ይሁን ተኝቼ ሳላውቀው አመሽ ነበር። ወሬው የደረሳቸው ባለመብራቶችማ አምፖላችን እንዳይፈነዳ፣ ትርፉ ይውጣ ብለው በክረምት ብርድ መስኮት ከፍተው ይንቀጠቀጡ ነበር።

አራተኛ ክፍል ስደርስ አስተማሪያችን ብስክሌት ገልብጦ ጎማውን አሽከረከረ። ጎማው የሚያዞራት ዲናሞ ውስጥ ማግኔቱ በመዳብ ሽቦ ጥቅል መሐል ሲዞር የብስክሌቷ የፊት አምፖል በራች፤ ጎማው ሲቆም ጠፋች። የከተማው ሞተርም በናፍጣ እየተነሳ ይህንኑ ያደርጋል አለን፤ ኤሌክትሪኩ በአንዱ ሽቦ መጥቶ፣ በአምፖሉ አልፎ፣ በሌላው ሽቦ ይመለሳል፤ ማጥፊያውን ስትጫኑ መንገዱ ይቆረጥና ይቆማል እንጂ እንደ እንስራ ውሃ ቤት ውስጥ አይጠራቀምም።

ደነገጥሁ። አያ ካሴ ዋሽተውናል! ለእናቴ ብነግራት ቀዳዳውን የዚያኑ ዕለት ትደፍነዋለች። ስለዚህ ዝም አልሁ፤ ትምህርት ያስፈራኝ ያን ጊዜ ነው። ሞተሩ ተነስቶ አያ ካሴ ማብራት የዘገዩ እንደሆነ እናቴ በቀዳዳው «ምነው አያ ካሴ፣ ዛሬስ አልበዛብዎትም?» ትላለች። እሳቸውም «ኧረ ዛሬማ ብሷል!» ብለው ማብሪያውን ሲጫኑ፣ እኔ በሁለቱ መሐል ፊቴን በደብተሬ እሸፍን ነበር።

አያ ካሴ ሲሞቱ አዲሱ ተከራይ ቀዳዳውን በጭቃ መረገው። እኔም አድጌ ነበርና ለእናቴ ሁሉንም ነገርኋት።

«አንቺ ልጅ፣» አለችኝ፣ «እኔ እኮ ገና የዚያን ቀን ገብቶኛል። ሰው ለመስጠት እንዲያ ሲለማመጥ፣ ዋሸህ ብዬ ላሳፍረው?» ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

ዛሬ በየክፍሌ አምፖል አለኝ፣ ግድግዳዬም ብሎኬት ነው። ከግድግዳው ማዶ የሚኖረውን ሰው ማታ ማታ ሲያስል እሰማዋለሁ፤ ስሙን ግን አላውቀውም።